የደምሴ ፊት የሚቀላበት ሰዓት

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን መጨረሻ ገደማ ናይሮቢ እያለሁ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ግን ዛሬም ሰዎች ተሰብስበው ስለ ኮሌስትሮል መድኃኒት ሲያወሩ፣ አንዱ "እኔን ሆዴን ይነፋኛል"፣ ሌላው "እኔን ያሳክከኛል" ሲል፣ ዝም ብዬ መስማት ያቅተኛል። ያ መድኃኒት የእኔን ትዳር ሊያፈርሰው ምንም አልቀረውም ነበር። ያውም በሽታው የእኔ ሳይሆን።

ከባለቤቴ ከደምሴ ጋር በሞያሌ በኩል ወጥተን ናይሮቢ ከገባን በኋላ፣ ኪሌሌሽዋ በሚባል ሠፈር ሰፋ ያለ ግቢ ያለው አሮጌ ቤት ተከራይተን ምግብ ቤት ከፈትን። ወጥ ቤቱ የእኔ ነበር፤ ገበያውና እንግዳ መቀበሉ የእሱ። ከጊጊሪ ሠፈር የውጭ ድርጅት ሠራተኞች በታክሲ እየመጡ ይበሉ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የኢስሊ ሠፈር ነጋዴዎች ቤቱን ይሞሉታል። ዋንጂኩ የምትባል የአገሩ ልጅ ታስተናግድልን ነበር። ጎበዝ ናት፤ "ትንሽ በርበሬ" የሚለውን አማርኛ ከማንም በፊት የለመደች እሷ ናት።

ደምሴን ያየ ሰው አይረሳውም። ግዙፍ፣ ቀይ፣ ሳቂታ። ከድስት ሳይቀምስ በወጥ ቤቱ በር አያልፍም። ክትፎ ሲሠራ ቅቤው ሳህኑ ላይ ካልተንሳፈፈ "ምነው ሰሰትሽብኝ?" ይለኝ ነበር።

ስለ እኔም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከአገር ከወጣን በኋላ ሁለቱ ወንድሞቼ አዲስ አበባ ሞተው፣ ሰው ሁሉ እያወቀ ለእኔ ሳይነገረኝ ብዙ ጊዜ ቆየ። አንድ ማለዳ ወዳጆቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተው አረዱኝ። ከዚያ በኋላ ለወራት ሰው አልሆንኩም። አጥሚት በማንኪያ እያጎረሰ፣ ፊቴን እያጠበ ያቆመኝ ደምሴ ነው። ስለዚህ ባሌን ስወደው እንዲሁ አልነበረም። ሌላ የቀረኝ ሰው ስለሌለ ነው።

ነገሩ የጀመረው በቅቤ ነው። አንድ ቀን ወጥ ቤት ገብቶ፣ "ብርቄ፣ የእኔን ያለ ቅቤ አድርጊልኝ" አለኝ።

"ቅቤው ምን ሆነ?"

"ቅቤውስ ምንም አልሆነም። ሆዴን ከበደኝ።"

ለአንድ ቀን መስሎኝ ነበር። በማግስቱም ያለ ቅቤ፣ በሳምንቱም ያለ ቅቤ። ክትፎ ተወ። ዱለት ተወ። ጭራሽ ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጦ ጊዜሪ የሚሉትን የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ መብላት ጀመረ። ማለዳ ማለዳ ደግሞ ሸራ ጫማ አድርጎ መራመድ አመጣ። ሱሪው ሲሰፋው ኢስሊ ሄዶ በልኩ አዲስ ገዛ። መስታወት ፊት ቆሞ ሆዱን ወደ ውስጥ ሲስብ አየሁት።

እናንተው ፍረዱ። ያገባ ሰው በዚያ ዕድሜው የሚከሳውና ሱሪ የሚቀይረው ለማን ነው?

መልሱን ያገኘሁት ምሳ ሰዓት ላይ ነው።

ሰናይት የምትባል አንዲት ኢትዮጵያዊት ደንበኛ ነበረችን። ከእኔ ታንሳለች። ጠይም፣ ረጅም፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ስትናገር ድምፅዋን የማታሰማ ሴት ናት። ሳውዝ ሲ የሚባል ሠፈር ብቻዋን እንደምትኖር ከደንበኞች ሰምቻለሁ። እኛ ሠፈር ሕንዶች ዘንድ ተቀጥራ እንደምትሠራም አውቃለሁ። ሕንዶቹ ጨርቅም ቅመምም መድኃኒትም ይሸጣሉና እኔ ጨርቅ የምትሸጥ መስሎኛል። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ለምሳ ትመጣለች፤ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ትንሽ በልታ ሳህኗን ንጹሕ አድርጋ ትሄዳለች። መጀመሪያ እወዳት ነበር እንኳ።

ደምሴ እሷ ሳትመጣ ምሳ አይበላም። ይህን ያስተዋልኩት ቀስ ብዬ ነው። እኔ "ብላ እንጂ፣ ረፈደ" ስለው "ቆይ፣ ራሴን አመመኝ" ይልና አስፕሪን ይውጣል። ወዲያው ሰናይት ትገባለች። እሱም ሳህኑን ይዞ ከጎኗ ያለው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ሴት እስክትመጣ ራሱን የሚያመው፣ ስትመጣ ግን የምግብ ፍላጎቱ የሚከፈት ወንድ አጋጥሟችሁ ያውቃል?

ይበላሉ፤ ሁለት ሦስት ቃል ይለዋወጣሉ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ፊቱ ይቀላል።

መጀመሪያ ጆሮው ነው። ከጆሮው ወደ ጉንጩ፣ ከጉንጩ ወደ አንገቱ ይወርዳል። ሸሚዙን ከላይ ይፈታል። አንገቱን ያካል። እሷ ቀና ብላ ታየዋለች፤ ፈገግ ትላለች፤ በእጇ "አይዞህ" የምትል ይመስላል። እሱም ተነስቶ ከጓሮ ወዳለው ቧንቧ ይሄድና ፊቱን ይታጠባል። ትኩስ ሻይ ሳቀርብለት "ይቀዝቅዝልኝ" ይላል። እኔ ከወጥ ቤቱ መጋረጃ ኋላ ሆኜ ሁሉንም አያለሁ።

ከእኔ ጋር ገና ሲተጫጭ እንኳ ፊቱ ቀልቶ አያውቅም።

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ጠየቅሁት። "ምን ሆነህ ነው ምሳ ሰዓት ላይ ፊትህ የሚቀላው?"

"ሙቀት ነው" አለኝ።

ወሩ ሐምሌ ነበር። የናይሮቢን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል። ፀሐይ ሳትታይ የሚመሽበት፣ ሰው ሁሉ ሹራብ ደርቦ የሚሄድበት ወር ነው። "ሙቀት!" አልኩ በልቤ። መልስ የሌለው ሰው ሲዋሽ ቀዝቃዛውን ሙቅ ይላል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅናት ቤቴ ገባ። ድስት ሳማስል እሷ፣ ሽንኩርት ስከትፍ እሷ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የእሷን ወጥ ለብቻ አወጣና ሚጥሚጣ እነሰንስበታለሁ። ታዲያ ምን ትላለች? ዓይኗ እንባ እያቀረረ ጨርሳ በላችና ወደ ወጥ ቤት ብቅ ብላ "እትዬ ብርቅነሽ፣ እጅሽ ይባረክ" አለችኝ። እንዲህ ያለች ሴት ከምትሳደብ ሴት ትከፋለች።

እኔም ልብሴን መቀየር ጀመርኩ። ኩል ተኳልኩ። ለክት ያስቀመጥኩትን ቀሚስ ለብሼ ወጥ ቤት ገባሁ። ደምሴ አየኝና "ሠርግ አለ እንዴ?" አለ። ያን ጊዜ በጭልፋው ብለው ደስ ባለኝ።

ነገሩን ያፈነዳችው ዋንጂኩ ናት። የፍልሰታ ጾም ገብቶ ነበር። ሳህን እያደራረቀች ሳለ፣ የማያገባውን እንደሚናገር ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ማማ፣ ያቺ የመስኮቷ ሴትዮ ለሙዜ ዳዋ ትሰጠዋለች" አለችኝ። ሙዜ የምትለው ደምሴን ነው፤ ትልቅ ሰው ማለቷ ነው። በትንሽ ወረቀት ጠቅልላ ስትሰጠው፣ እሱም ቶሎ ኮቱ ውስጥ ሲከተው በዓይኗ አይታለች።

ዳዋ በስዋሂሊ መድኃኒት ነው። ነገር ግን እንደ እኛው አገር ነው። ሐኪም የሚያዘውም መድኃኒት ይባላል፤ ሴት በሰው ባል ላይ የምታስደርገውም መድኃኒት ይባላል። እኔ የትኛውን እንደሰማሁ መናገር አያስፈልገኝም። ቅቤ ማስጠላቱ፣ መክሳቱ፣ ፊቱ መቅላቱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተፈታልኝ። አስነክታዋለች!

በማግስቱ ደምሴ ሽንኩርት ሊገዛ ማሪኪቲ ገበያ ወረደ። ኮቱን ለገበያ አይለብሰውም፤ መኝታ ቤት ተሰቅሏል። ኪሱን ፈተሽኩ። የተጠቀለለ ወረቀት አገኘሁ። ምንም አልተጻፈበትም። ስፈታው ነጫጭ ክኒኖች ናቸው።

ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ቅጠል ወይ ሥር ጠብቄ ነበር፤ ክኒን መሆኑ ግራ አጋባኝ። ዘመናዊ ሴት ስለሆነች መስተፋቅሯም ዘመናዊ ነው ብዬ አሰብኩ። መጣል አማረኝ። ግን ብጥለው ሌላ ትሰጠዋለች፤ ብጠይቀው "ሙቀት ነው" ይለኛል። እሱ ላይ የሚሆነውን በራሴ ላይ ካላየሁ ማንም እውነቱን አይነግረኝም አልኩ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ አንዱን አንስቼ በደረቁ ዋጥኩት።

ጾመኛ ነበርኩ። ከማታ ጀምሮ ውኃ እንኳ በአፌ አልዞረም።

ወጥ ቤት ገብቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ምንም የለም። ምሳ ሰዓት እየደረሰ ነው፤ እንግዶች መግባት ጀምረዋል። "ለወንድ ብቻ የሚሠራ ይሆናል" ብዬ ሽሮ ሳማስል በድንገት ጆሮዬ ጋለ። እሳቱ ነው ብዬ ፈቀቅ አልኩ። ጉንጬ ጋለ። አንገቴ፣ ደረቴ፣ ክንዴ እስከ ጣቴ ጫፍ ተቀጣጠለ። በሳማ የተገረፍኩ ያህል ያሳክከኝ፣ ይወጋኝ፣ ያቃጥለኝ ጀመር። ልቤ ሲመታ ይሰማኛል። ማማሰያው ከእጄ ወደቀ።

ዋንጂኩ ሮጣ ገባች። እኔን ስታይ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። "ማማ! ፊትሽ! ፊትሽ ምን ሆነ?"

በድስት ክዳን ላይ ፊቴን አየሁት። እኔ እንደ ደምሴ ቀይ አይደለሁም፤ ግን የበሰለ እንጆሪ መስያለሁ። ያን ጊዜ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ይህ መስተፋቅር አይደለም። መርዝ ነው። ባሌን ቀስ በቀስ እየገደለችው ነው! ሆዱን ስትዘጋበት፣ ሥጋውን ስታቀልጠው እኔ የመሰለኝ ፍቅር ነበር!

በሩን ስመለከት ሰናይት ቦርሳዋን ይዛ እየገባች ነው።

እንዴት እንደደረስኩባት አላውቅም። በእንግዳ መሐል ሽርጤን እንዳደረግሁ ወጥቼ ፊቷ ቆምኩ። "ምን አስነካሽው? አንቺ ሴት፣ ባሌን ምን አስነካሽው? እኔንም ገደልሽኝ!" ብዬ ጮኽኩ። ማንኪያዎች ሁሉ ቆሙ። የጊጊሪዎቹ ፈረንጆች እንኳ አማርኛ የገባቸው ይመስል ቀና ብለው አዩን።

ሰናይት አልደነገጠችም። አልተቆጣችም። ፊቴን አየችው፤ አንገቴን አየችው፤ እጄን ያዘችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ስንት ዋጥሽ?"

"ምን?"

"የጋሽ ደምሴን ክኒን። ስንት ነው የዋጥሽው?"

"አንድ" አልኩ።

"ምግብ በልተሽ ነበር?"

"ጾመኛ ነኝ።"

"እሱ ነው እንዲህ ያከፋብሽ" አለችና ትከሻዬን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። ዋንጂኩን ቀዝቃዛ ውኃና ፎጣ አስመጣች። የእጄን ምት ያዘች፤ ሰዓቷን እያየች ቆጠረች። ዓይኔን ገለጥ አድርጋ አየች። ትንፋሽ ያጥርሽ እንደሆነ፣ ከንፈርሽ ያብጥ እንደሆነ እያለች ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ያረጠበችውን ፎጣ አንገቴ ላይ አደረገችልኝ። ከዚያ እንጀራ ቆርሳ "እግዜር ይቅር ይላል፤ ለጤና ነው" ብላ አፌ ውስጥ አደረገችው። ከእሷ እጅ ጎረስኩ! ቅናቴ እንኳ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"አይገድልም፤ ደም ሥርን ከፍቶ ነው እንዲህ የሚያቃጥለው። ትንሽ ቆይቶ ይለቅሻል" አለችኝ። "መርዝ አይደለም። የምታስቢውም ነገር አይደለም። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ነው። እኔ አገር ቤት ነርስ ነበርኩ፤ አሁን ሕንዶቹ መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ።"

"የምን በሽታ መድኃኒት?"

ፎጣውን አንስታ እንደገና ውኃው ውስጥ ነከረችው።

"የምን በሽታ ነው ያልኩሽ!"

"እትዬ፣ እሱን ጋሽ ደምሴን ጠይቂው። የሱን ነገር እኔ ብነግርሽ ደግ አይደለም።"

ይኼን ስትል የባሰ ተቃጠልኩ። ያቃጠለኝ ክኒኑ አልነበረም። ባሌ ታሟል፤ የታመመውን እሷ ታውቃለች፤ እኔ አላውቅም። የባሌን ምስጢር ከእኔ የምትጠብቅ ሴት ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብላ ፎጣ ታርስልኛለች! ሌላ ቢያደርጉ እኮ ይሻል ነበር። ቢያንስ ምን እንደምል አውቅ ነበር።

ደምሴ የሽንኩርቱን ጆንያ ተሸክሞ በጓሮ በር የገባው በዚህ መሐል ነው። ፊቴን አየ። ፎጣውን አየ። ሰናይትን አየ። ጆንያውን ጥሎ ግድግዳ ተደገፈ።

"ዋጠችው?" አላት።

"ዋጠችው" አለችው።

እንዲህ በአጭሩ ሲግባቡ ሳይ እንባዬ መጣ። ሰናይት ይህን አይታ ቦርሳዋን አነሳች፤ ምሳ ሳትበላ ወጣች።

ደምሴ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። ከወራት በፊት ደረቱን ጨምድዶት ሐኪም ዘንድ ሄዷል። ደሙ ሲመረመር ኮሌስትሮሉ ከልክ አልፏል። ልቡ አደጋ ላይ ነው ተባለ። ቅቤና ሥጋ እንዲተው፣ እንዲራመድ፣ ኒያሲን የሚባል መድኃኒት እንዲወስድ ታዘዘለት። መድኃኒቱን የዋጠ ዕለት እኔን እንዳደረገኝ አደረገው። መንገድ ላይ ነበር፤ የሚሞት መስሎት አጥር ይዞ ቆመ። ለጥቂት ቀን ታገለና "ከዚህስ በሽታው ይሻለኛል" ብሎ ክኒኑን ሊመልስ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄደ። መደርደሪያው ኋላ ያገኘው የእኛኑ ደንበኛ ሰናይትን ነው።

እሷ አልመልስም አለችው። ሐኪሙን አናግራ በትንሹ እንዲጀምር አደረገችው። ቀድሞ አስፕሪን እንዲወስድ፣ ክኒኑን በምሳው መሐል እንዲውጥ፣ ከላዩ ትኩስ ነገርና መጠጥ እንዳያስከትል መከረችው። ሲያቃጥለው ደንግጦ እንዳይተው፣ የምሳ ሰዓቷን ከእሱ ጋር አደረገችው። ብልቃጡን ቤት ውስጥ እንዳላይበት ደግሞ ክኒኑን በወረቀት እየጠቀለለች ታመጣለት ነበር። "ቀላ ሲልህ እኔን እየኝ፤ ያልፋል" አለችው። እኔ በመጋረጃ የማየው ፈገግታ ይኸው ነበር።

"ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?"

"ያን ጊዜ የወንድሞችሽ ጊዜ..." አለና ቆመ። "ብርቄ፣ አንቺን ከዚያ አልጋ እንዴት እንዳነሳሁሽ እኔ ነኝ የማውቀው። ደምሴም ልቡ ታሟል ብዬ ሌላ መርዶ ላረዳሽ? አልቻልኩም። ልዳንና ነው እነግራታለሁ ያልኩት።"

"ለእሷ ግን ቻልክ።"

"እሷ ብሞት ምን ትሆናለች? ሻጭ ናት።"

እሱ ያጽናናኝ መስሎት ነበር። እኔ ግን ለሳምንት ያህል አላናገርኩትም። ሰው አልጋ ላይ ስለወደቀ ዕድሜውን ሙሉ ደካማ ነው ያለው ማነው? ደረቱን ሲጨመድደው ያልነገረኝ፣ እኔ ሞትን ስለማውቅ ነው። ሞትን የሚያውቅ ሰው ነው እንጂ እኮ የሚነገረው! ይህን ዛሬም አልተውኩትም። በዚህ ነገር እሱ ነው ያጠፋው።

ሰናይት ከዚያ በኋላ ለምሳ መምጣት ተወች። ደምሴ ምሳውን ብቻውን ይበላል፤ ፊቱ ይቀላል፤ ማንንም አያይም። አንድ ቀን ክኒኑን ሳይውጥ ኪሱ ሲመልሰው አየሁት። ያኔ ፈራሁ። ሊተወው ነው ማለት ነው። በእኔ ጩኸት ምክንያት መድኃኒቱን ትቶ ቢሞትብኝስ?

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማታቱ በሚሉት ታክሲ ተሳፍሬ ሳውዝ ሲ ወረድኩ። ቤቷን ጠይቄ አገኘሁ። አንዲት ክፍል ናት፤ ጠባብ ግን ንጹሕ። ስታየኝ "ግቢ፣ እትዬ" አለችኝ፤ የመጣሁበትን አልጠየቀችኝም። ያሰብኩትን ይቅርታ ሳልናገር ዓይኔ ግድግዳው ላይ ባለ አንድ የወንድ ፎቶግራፍ ላይ አረፈ።

"ባለቤቴ ነው" አለች። "ልቡን ያመው ነበር።"

ከዚያ በዚያው ዝግ ባለ ድምፅዋ ነገረችኝ። ባሏን አዲስ አበባ ላይ አሰሩት። በየቀኑ የሚውጠው ክኒን ነበረው። እሷ ነርስ ናት፤ መድኃኒቱን ታውቀዋለች፤ በእጇም አለ። ጠዋት ጠዋት ምግቡንና ክኒኑን ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ትሰለፋለች። ምግቡን ይቀበላሉ፤ ክኒኑን ይመልሱላታል። ትለምናለች፤ ይመልሱላታል። አንድ ቀን ምግቡንም መለሱላት። ምን ማለት እንደሆነ ያንን ዘመን ያየ ሰው ያውቀዋል።



"ጋሽ ደምሴ ክኒኑን ሊመልስ ሲመጣ ነው የተናደድኩት" አለች። "እጁ ላይ ያለውን መድኃኒት የሚመልስ ሰው! እኔ በሚመልሱልኝ ክኒን ስንት አልቅሻለሁ። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ ያስዋጥኩት። ሌላ የለበትም።"

"አውቃለሁ" አልኳት። "አሁን አውቃለሁ። ግን ቀናሁ። ዛሬም አልወጣልኝም።"

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። "እኔስ? እኔ አልቀናሁብሽም መሰለሽ? መስኮቱ ጋ ተቀምጬ አንቺ በመጋረጃ ስታዪን አይሻለሁ እኮ። የምትጠብቂው ባል አለሽ። ቢቀላም ቢከሳም ማታ እቤትሽ የሚገባ። ሰው ፊት እስክትጮኺ ድረስ የምትቀኚለት። ያን ቀን ስትጮኺብኝ 'ምነው እኔም እንዲህ የምጮኽለት ሰው ቢኖረኝ' ነው ያልኩት።"

ተቃቅፈን አለቀስን ብል ያምርልኝ ነበር፤ ግን አላደረግነውም። ሁለታችንም እንዲያ ዓይነት ሴቶች አልነበርንም። ሻይ አፈላች፤ ጠጣን። ከዚያ "በይ አስተምሪኝ" አልኳት። "ክኒኑን ከአሁን በኋላ የምሰጠው እኔ ነኝ። አንድም ነገር ሳትደብቂ ንገሪኝ።" ሁሉንም ነገረችኝ። መቼ አስፕሪን፣ ከምን ጋር ክኒን፣ ሲያሳክከው ቀዝቃዛ ፎጣ የት የት። ሆዱን ቢያመው፣ ዓይኑ ቢጫ ቢሆን ሳልውል ሳላድር ሐኪም ዘንድ እንድወስደው አስጠነቀቀችኝ። ሽርጥ ለብሶ ወጥ እንደሚማር ሰው አፌን ከፍቼ ሰማኋት።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ወጥ ቤቱን ለዋንጂኩ ትቼ ሳህኔን ይዤ ከደምሴ ፊት ተቀመጥኩ። በምግቡ መሐል ክኒኑን በእጄ ሰጠሁት። ዋጠው። ቆይቶ ጆሮው ቀላ። "እኔን እየኝ፤ ያልፋል" አልኩት። አየኝ፤ ከዚያ ሳቁ መጣበት፤ እኔም ሳቅሁ። ሳምንት ሙሉ ያልተነጋገርነውን በዚያ ሳቅ ጨረስነው።

ሰናይትን ራሴ ሄጄ አምጥቻት ወደ ምሳዋ ተመለሰች። ጠረጴዛችን አንድ ሆነ። ግን እውነት እናውራ ከተባለ፣ እሱና እሷ ስለ መድኃኒቱ ሲቀላለዱ፣ "ታስታውሳለህ አጥሩን ይዘህ የቆምክ ዕለት" ሲባባሉ፣ እዚህ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ቆንጠጥ ያደርገኝ ነበር። ያ ዕለት የእኔ መሆን ነበረበት። እንደ እህት ከሆንን በኋላም ይህ ቁንጥጫ አልለቀቀኝም፤ እሷም ታውቅ ስለነበር ወሬውን ቶሎ ታስቀይረው ነበር።

ከጊዜ በኋላ የደምሴ ሰውነት መድኃኒቱን ለመደው፤ መቅላቱም እየቀነሰ ጠፋ። የደሙም ምርመራ ተሻሻለ። ደርግ ከወደቀ በኋላ እኛ ወደ አገራችን ተመለስን፤ ሰናይት እዚያው ቀረች።

አዲስ አበባ ከገባን ዓመታት አልፈው ሐኪሙ መድኃኒቱን በሌላ አዲስ ዓይነት ቀየረለት። ይኼኛው አያቀላም፤ አያሳክክም። ደስ አለን። ጥቂት እንደቆየ አንድ ጠዋት በረንዳ ላይ አትክልት ሳጠጣ ደምሴ ግድግዳ እየያዘ መጣና አጠገቤ ቆመ።

"ብርቄ፣ እግሬን አመመኝ። ጡንቻዬን ሁሉ ቆርጥሞ ይዞኛል። ከመድኃኒቱ ይመስለኛል።"

"ለሐኪሙ ነገርከው?"

"ኧረ ገና ለማንም አልነገርኩም። መጀመሪያ ላንቺ ልንገርሽ ብዬ ነው።"

የውኃ ማጠጫውን አስቀምጬ እግሩን ልይለት ጎንበስ አልኩ። ባሏን ሲያመው ደስ የሚላት ሴት የለችም። እኔን ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ጠዋት በጣም ደስ አለኝ።